«ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፈው የትንፋሽ ማጠር

ትንፋሽ የሚያጥራቸው አዛውንቶች ስለ ትንፋሻቸው ብዙ አያወሩም። የሚያማርሩት ደረጃውን ነው። ዳገቱን ነው። አብሯቸው የሚሄደው ሰው ለምን እንደሚሮጥ አይገባቸውም። ከዚያ ነገሮችን አንድ በአንድ መተው ይጀምራሉ። መጀመሪያ ዳገት ያለበት መንገድ ይቀራል። ቀጥሎ ዕቃ ተሸክሞ መግባት ይቀራል። ውሎ አድሮ ገላ መታጠብም፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰርም ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ቀርበው «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ሲባሉ ግን «ኧረ ደህና ነኝ» ይላሉ። እየዋሹ አይደለም። ትንፋሽ የሚያሳጥረውን ነገር ሁሉ አቁመውታላ!

ስለዚህ ጥያቄው ራሱ መቀየር አለበት። «አምና ያደርጉት የነበረ፣ ዘንድሮ ግን የተዉት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሥር የሰደዱ የሳንባ በሽታዎች ብዙ ናቸው። አስም አለ፣ ሳንባ እየጠጠረ የሚሄድበት ፋይብሮሲስ አለ፣ ቲቢ ከዳነ በኋላ የሚቀር ጠባሳ አለ። በእርጅና ዘመን በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሲኦፒዲ የሚባለው ነው። የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ፣ አየር የሚለዋወጥባቸው ጥቃቅን ከረጢቶችም እየፈራረሱ የሚሄዱበት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። በዓለም ላይ ሰው ከሚገድሉ ምክንያቶች 4ኛው ነው። እንዲህም ሆኖ ስሙን የሚያውቀው ሰው ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የመድኃኒት እጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሳንባው ገና አቅም እያለው ኑሮው ቀድሞ ይጠባል። ያንን የጠበበ ኑሮ መልሶ ማስፋት እንደሚቻል ለታማሚው የሚነግረው ሰው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ዕድሜ የሚወስደውና በሽታው የሚወስደው

ሳንባ በእርግጥ ያረጃል። አቅሙ ጫፍ ላይ የሚደርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በኃይል ማስወጣት የምንችለው አየር በጤነኛ ሰው ላይ በዓመት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል። ይህ ቅነሳ ግን ከመጠባበቂያው ላይ ነው። ጤነኛ የ75 ዓመት ሰው ሜዳ መንገድ ላይ ከእኩዮቹ ጋር ሲሄድ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ አያስፈልገውም።

ቁልፉ «ከእኩዮቹ ጋር» የሚለው ነው። ሐኪሞች የትንፋሽ ማጠርን ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይመድቡታል። ከባድ እንቅስቃሴ ሲያደርግ ብቻ የሚያለከልክ ሰው 0 ነው። ሲፈጥን ወይም ትንሽ ዳገት ሲወጣ የሚያጥረው 1 ነው። በሜዳ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የሚቀር 2፣ 100 ሜትር ገደማ ሄዶ የሚቆም 3፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ወይም ልብስ ሲለብስ ትንፋሽ የሚያጥረው ደግሞ 4 ነው። 2 ላይ የደረሰን ሰው «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። አንድ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ መፈለግ አለበት።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ሳንባ ላይሆን ይችላል። የልብ ድካምና የደም ማነስም ትንፋሽ ያሳጥራሉ። በአዛውንቶች ላይ ሁለቱ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። ሳንባውን ለመለየት የሚያገለግለው ምርመራ ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ሰውየው አየር ግጥም አድርጎ ይስብና በሙሉ ኃይሉ ይነፋል፤ በቃ። መሣሪያውን ለንደን ውስጥ ጆን ሃቺንሰን የተባለ ሐኪም ያስተዋወቀው በ1846 ነው። ከኤክስሬይ በፊት ማለት ነው። ይህን ያህል ያረጀና ቀላል ምርመራ እስከ ዛሬ እንደ ደም ግፊት መለኪያ በየክፍሉ አለመገኘቱ ይገርማል። ኢንሄለር (በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት) ታዞላቸው ለዓመታት የሚወስዱ፣ አንድም ቀን ግን ነፍተው የማያውቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ በታች ሲሆን ቧንቧው ጠቧል ይባላል። በዕድሜ የገፋ ጤነኛ ሰው ግን ከዚህ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን በሽተኛ አያደርግም። ከሕመሙ ታሪክ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

«ሲጋራ አጭሼ አላውቅም»

ይህን ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከጥርጣሬው ይወጣሉ። መውጣት የለባቸውም። በሀብታም አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲኦፒዲ ከትምባሆ ጋር ይያያዛል። በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ከየት መጣ? ከቤት ውስጥ ጭስ፣ ከሥራ ቦታ አቧራና ኬሚካል፣ ከከተማ የተበከለ አየር፣ በልጅነት ከደረሰ የሳንባ ሕመም፣ ከቲቢ። ዛሬም 2.1 ቢሊዮን ገደማ ሰዎች በእንጨት፣ በከሰል፣ በእበትና በኬሮሲን ያበስላሉ። ለ40 ዓመት ጭስ ፊት የቆመች ሴት ሲጋራ በእጇ ስላልነካች ብቻ ሳንባዋ ንጹህ ነው ማለት አይቻልም።

የሚያጨሱትም ቢሆኑ «አሁን ምን ዋጋ አለው» የሚለውን ይተዉት። ፍሌቸርና ፒቶ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪዎች የለንደን ወንድ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትለው በ1977 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ያጣውን አቅም መልሶ አያገኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ቅነሳ ግን ወደማያጨስ ሰው ፍጥነት ይመለሳል። በ65ም በ75ም ማቆም ይህን ያስገኛል። ተግሣጽ ግን ማንንም አላስቆመም። ኒኮቲን የሚተካ ማስቲካና ፕላስተር፣ መድኃኒት፣ ከዚያም ክትትል፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚሠሩት።

ችግሩ ማስወጣቱ ላይ ነው

አንድ ሙከራ ያድርጉ። አየር በደንብ ወደ ውስጥ ይሳቡ። ከዚያ ጥቂት ብቻ አስወጡና በላዩ ላይ እንደገና ይሳቡ። አሁንም ጥቂት አስወጡና ይሳቡ። ሦስተኛው ላይ ደረትዎ ይወጠራል፤ የሚገባ አየር ያጡ ይመስልዎታል። ሳንባዎ ግን ሞልቷል። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚሰማው ይህ ነው። የጠበቡት ቧንቧዎች አየሩን ቶሎ አያስወጡትም፤ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ይደረባል።

ከንፈርን እንደሚያፏጭ ሰው ሰብሰብ አድርጎ በቀስታ ማስወጣት የሚረዳው ለዚህ ነው። ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይዘጉ ያግዛል፤ የታመቀው አየር የሚወጣበት ጊዜ ያገኛል። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ክንድን ጠረጴዛ ወይም ጉልበት ላይ ማሳረፍም እንደዚሁ ያቀልላል። ደረጃ ሲወጡ በሚከብደው እርምጃ ላይ ትንፋሽ ይወጣል እንጂ አይያዝም። እነዚህን የሚያስተምር ሰው ከተገኘ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

እግር የሳንባን ዕዳ ሲከፍል

ትንፋሽ ማጠር ያስፈራል። የፈራ ሰው ይቀመጣል። የተቀመጠ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ በተለይ የጭኑ። የደከመ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ትንፋሹ በአጭር መንገድ ላይ ያጥራል። ሰውየውም ይበልጥ ይቀመጣል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ሳንባው ምንም ሳይባባስ ሰውየው በሁለት ዓመት ውስጥ ከመንገድ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ሊገባ ይችላል።

ቤተሰብ ሳያውቅ አዙሪቱን ያፋጥነዋል። «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ አመጣዋለሁ።» «እማዬ፣ አትነሺ።» ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማንም አይወቀስበትም። ግን ከወንበር መነሳት ለእነዚህ ሰዎች መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን ከእጃቸው እየነጠቅን ነው።

አዙሪቱን የሚሰብረው ሕክምና የሳንባ ተሐድሶ ይባላል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚቆይ ፕሮግራም ነው። በባለሙያ ክትትል መራመድ፣ የእግርና የእጅ ጡንቻ ማጠንከር፣ የአተነፋፈስ ዘዴ መማር፣ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ መነጋገር፤ ይኸው ነው። ሳንባውን አይጠግነውም። የስፓይሮሜትሪው ቁጥር ላይ ምንም ለውጥ አይታይ ይሆናል። ሰውየው ግን የበለጠ ይራመዳል፤ ትንፋሹም ያን ያህል አያስጨንቀውም።

ማስረጃው ደግሞ እጅግ ጠንካራ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ተቋም በ2015 ያወጣው ግምገማ 65 ጥናቶችንና 3,822 ታማሚዎችን አካቷል። ውጤቱ ግልጽ ከመሆኑ የተነሳ አዘጋጆቹ «ይህንን ከተለመደው ክትትል ጋር የሚያነጻጽር ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም» ብለው ጥያቄውን ዘጉት። በሕክምና ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

ታዲያ ስንት ሰው ያገኘዋል? በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሲኦፒዲ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 197,376 አዛውንቶችን መዝገብ አይቷል። በ90 ቀን ውስጥ ተሐድሶ የጀመሩት 1.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጀመሩት ሰዎች በዓመቱ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። መቼም ቀድሞውኑ ጠንከር ያሉት ናቸው የሚጀምሩት ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ ሁሉ ከተሐድሶው መጣ ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ 1.5 በመቶ ያሳፍራል። አንድ ክኒን ይህን ውጤት ቢያመጣ ኖሮ ማስታወቂያው ከየግድግዳው ላይ አይጠፋም ነበር። ተሐድሶ ግን ሻጭ የለውም። የሚፈልገው ክፍል፣ ወንበር፣ ትዕግሥተኛ ባለሙያና መጓጓዣ ነው። በ2025 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ሳንባ ጤና የውሳኔ ሐሳብ ማጽደቁ ጥሩ ነው። አገሮች ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይተግብሩ ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ማዕከሉ በሌለበትም ቢሆን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ በቤት መጀመር ይቻላል። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ በኮሪደር መራመድ፣ እያረፉ መቀጠል። ማለክለክ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ አጭር ዐረፍተ ነገር መናገር እስከቻለ ድረስ ሰውየው እየሠራ ነው ማለት ነው። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የከንፈር መጥቆር ሲመጣ ግን ማቆምና መታከም ያስፈልጋል።

በእጅ ያለው መድኃኒት ሳንባ ይደርሳል?

ተጨምቆ የሚረጨው ኢንሄለር፣ ብዙ ሰው ፓፍ የሚለው፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1956 ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። አጠቃቀሙ ግን ብዙዎችን ይሸውዳል። የ40 ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ በ2016 የወጣ ግምገማ በትክክል የሚጠቀሙት 31 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በ40ው ዓመት ውስጥም መሻሻል አልነበረም። አጠቃቀሙ ሲበላሽ መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ምላስና ጉሮሮ ላይ ነው።

የሚረጨው ዓይነት ቀስ ተብሎ፣ በረጅሙ ነው የሚሳበው። ዱቄት ያለው ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው በፍጥነትና በኃይል። ሁለቱም የታዘዙለት ሰው ቢምታታበት አይፈረድበትም። በአዛውንቶች ላይ ሌላም ይጨመራል። ጣት በቁርጥማት ታስሮ መጫን ያቅታል፤ ዓይን የቀረውን ቁጥር አያነብም፤ ደረት ዱቄቱን ለመሳብ ጉልበት ያጣል። ለሚረጨው ስፔሰር የሚባለው ቱቦ መግጠም ግማሹን ችግር ያቀልላል። ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ከሆነ ከተጠቀሙ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ፈንገስ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ግን በየቀጠሮው ኢንሄለሩን ይዞ ሄዶ «እንዴት እንደምጠቀም ይዩልኝ» ማለት ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ሌላ ከመታዘዙ በፊት።

ኦክስጅን ለትንፋሽ ማጠር ሁሉ መፍትሔ አይደለም

ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኦክስጅን ነው። የትንፋሽ ማጠርና በደም ውስጥ ያለ የኦክስጅን መጠን ግን አንድ አይደሉም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 95 በመቶ እያሳየ አንድ ሰው በጭንቀት ሊያለከልክ ይችላል።

በ1980 እና በ1981 የወጡ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጥናቶች ኦክስጅናቸው በጣም ለወረደ ታማሚዎች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን መጠቀም ዕድሜ እንደሚያረዝም አሳይተዋል። በ2016 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በመጠኑ ብቻ የወረደባቸውን 738 ሰዎች አይቶ ምንም ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ የሚወሰነው በስሜት ሳይሆን በልኬት ነው። ማብዛቱም ያስቸግራል። ብዙ ኦክስጅን በአንዳንዶቹ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲከማች ያደርጋል። ለዚህ ነው በአብዛኛው በጣት መለኪያው ከ88 እስከ 92 በመቶ የሚበቃቸው። በድንገት ሲብስባቸው በመንገድ ላይ ለሚረዳቸው ሰው ይህን የሚገልጽ ወረቀት በኪስ መያዝ ሕይወት ያድናል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሲጋራም፣ ሻማም፣ ምድጃም ቦታ የላቸውም።

ለጭንቀቱ የሚሆን ርካሽ ነገር አለ፦ ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማራገቢያ በቂ ነው። የፊት ነርቭ ቅዝቃዜውን ሲያነብ የትንፋሽ ረሃቡ ቀለል ይላል።

ሲብስ

አክታ ሲበዛ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲቀየር፣ ትንፋሹ ከወትሮው ሲያጥር ነገሩ ተባብሷል ማለት ነው። በአዛውንት ላይ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ግራ መጋባት ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ሊቀድም ይችላል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጊዜ ከአቅም ላይ ይቆርሳል፤ ሁሉም ተመልሶ አይመጣም። የኢንፍሉዌንዛ፣ የሳንባ ምች እና የኮቪድ ክትባቶች፣ ከ2023 ወዲህም ለአዛውንቶች የተፈቀደው የአርኤስቪ (የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ቫይረስ) ክትባት የሚመከሩት ለዚህ ነው።

የሚዋጥ ስቴሮይድ ሲታዘዝ 5 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በ2013 የወጣ ጥናት 5 ቀኑ ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። «ባለፈው ጊዜ ረድቶኛል» እያሉ በራስ ሥልጣን መደጋገም ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ቀድሞ የደከመውን ጡንቻ ይበልጥ ያደክማል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒኖችም አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ ሳይነጋገሩ አይወሰዱም። በሌላ በኩል «ሳንባ ስላለበት» ተብሎ አስፈላጊ የልብ መድኃኒት የሚከለከልበት ጊዜ አለ። ልብ ላይ የሚያተኩሩት ቤታ ብሎከሮች ግን ለአብዛኞቹ የሲኦፒዲ ታማሚዎች ይሆናሉ።

ቀድሞ መነገር ያለበት

ካንሰር ያለበት ሰው ስለ መጨረሻው ዘመኑ የሚያነጋግረው ያገኛል። የሳንባ ታማሚ ብዙ ጊዜ አያገኝም። አንዱ ምክንያት የበሽታው ጉዞ ነው። ይብሳል፣ ይሻላል፣ እንደገና ይብሳል። የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም። ስለዚህ ወሬው ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በመጨረሻ ውሳኔው የሚወድቀው በሌሊት፣ በድንገተኛ ክፍል፣ በደነገጡ ልጆች ላይ ነው።

የማስታገሻ ሕክምና ሞት ሲቃረብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከሌላው ሕክምና ጋር ጎን ለጎን፣ ሰውየው ገና በእግሩ እየሄደ ሊጀመር ይችላል። ለውይይቱም ጥሩው ጊዜ ደህና የሆነበት ሳምንት ነው።

በዚያ ውይይት ላይ አንድ ነገር ቢብራራ እመኛለሁ። ብዙዎች «ማሽን አልፈልግም» ይላሉ፤ ሲሉ የሚታያቸው በጉሮሮ የሚገባው ቱቦ ነው። ፊት ላይ በጭምብል የሚደረገው የአተነፋፈስ ማገዣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው አይደነዝዝም፤ በየመሀሉ አውልቆ መናገርና ውኃ መጠጣት ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች ሞትን እንደሚቀንስም በደንብ ተረጋግጧል። አንዱን እምቢ ብሎ ሌላውን መቀበል ይቻላል። አንዳንዱ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ሁለቱንም አይፈልግም። የመረጠው በጽሑፍ ይያዝ፤ አብሮት የሚኖረውም ሰው ይወቀው።